ስክሪኑ ሲሠራ ጂኤስኤሙ ለምን ዝም ይላል?

የዛሬው ጥያቄ ከአዳማ ነው። ጠያቂው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ጋሼ። ወንጂ አካባቢ ላለው የአጎቴ የሽንኩርት ማሳ፣ የውሃ ፓምፑን በስልክ መልእክት የሚያበራና የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ እየሠራሁ ነው። ቦርዱ ብሉ ፒል ነው፤ ቺፑ ኤስቲኤም32 ኤፍ103። መልእክት የሚቀበለው የጂኤስኤም (የሞባይል ኔትወርክ) ሞጁል ደግሞ ሲም800ኤል። ፕሮግራም የምጭነው በፒኤ9 እና በፒኤ10 ፒኖች ስለሆነ ጂኤስኤሙን ወደ ፒቢ6 እና ፒቢ7 አዛወርኩት። ብቻውን ስሞክረው ይሠራል፤ «ኤቲ» ስለው «ኦኬ» ይላል። በአይቱሲ (በሁለት ሽቦ መነጋገሪያ) የሚሠራ ትንሽ ስክሪን በፒቢ8 እና በፒቢ9 ስጨምር ግን ስክሪኑ ይሠራል፣ ጂኤስኤሙ ጭጭ ይላል። መብራቱ በየ3 ሰከንዱ ብልጭ ይላል። ሌላ ሞጁል ገዝቼ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ፓወር ነው ብለውኝ ትልቅ ካፓሲተር ጨመርኩ፣ ያው ነው። አንድ የገረመኝ ነገር አለ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ተርሚናል ስከፍት «ኤቲ» የሚል ጽሑፍ በየጊዜው ይመጣል። ወደፊት ሜሞሪ ካርድም ልጨምርበት አስቤያለሁ። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ሦስተኛ ሞጁል እንዳትገዛ። ያሉህ ሁለቱም ደህና ናቸው ብዬ አምናለሁ። ችግሩ ያለው ኮድህ ውስጥ ነው፤ ምናልባትም አንዲት መስመር ላይ። እንዲህ በድፍረት የምናገረው ማስረጃውን አንተው ስለጻፍክልኝ ነው።

በመጀመሪያ የፓወሩን ነገር እንጨርስ። ሲም800ኤል ላይ ፓወር መጠርጠር ተገቢ ነው። ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ይፈልጋል። ከኔትወርክ ጋር ሲነጋገር ደግሞ ለቅጽበት እስከ 2 አምፒር ይስባል። ቮልቴጁ ከወረደበት ይጠፋና እንደገና ይነሳል። ያኔ መብራቱ ኔትወርክ ፍለጋ ላይ እንዳለ ሁሉ ቶሎ ቶሎ፣ በየሰከንዱ ገደማ ብልጭ ይላል። ያንተ በየ3 ሰከንዱ ነው። ስለዚህ ሞጁሉ ኔትወርክ ይዞ ትእዛዝ እየጠበቀ ነው። ትእዛዙ ግን አልደረሰውም።

የት ሄደ? ኮምፒውተርህ ላይ! ያ የገረመህ «ኤቲ» ለጂኤስኤሙ የላክኸው ትእዛዝ ነው። ዩአርት 1፣ ማለትም ቺፑ ከጂኤስኤሙ ጋር የሚነጋገርበት ክፍል፣ በፒቢ6 መውጣት ሲገባው በፒኤ9 እየወጣ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ልንገርህ። በኤፍ103 ላይ ዩአርት 1 የሚወጣባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። ቺፑ ሲነሳ የተመደበው በፒኤ9 እንዲልክ፣ በፒኤ10 እንዲቀበል ነው። ወደ ፒቢ6 እና ፒቢ7 እንዲዞር ከፈለግህ ኤኤፍአይኦ በሚባለው ክፍል ውስጥ ያለውን ማፕአር የተባለ ሬጅስተር (የቺፑን አሠራር የሚወስኑ ቢቶች የሚጻፉበት ቦታ) መንካት አለብህ። እዚያ ቢት 2 አንድ ሲሆን ዩአርት 1 ይዞራል። አይቱሲ 1ም የራሱ ቢት አለው። ሲነሳ የሚገኘው እዚያው ፒቢ6 እና ፒቢ7 ላይ ነው፤ ወደ ፒቢ8 እና ፒቢ9 የሚሄደው ቢት 1 አንድ ሲሆን ነው። ሁለቱም ቢቶች ያሉት አንድ ሬጅስተር ውስጥ መሆኑን ልብ በል። ቢት የሚቆጠረው ከ0 ጀምሮ ስለሆነ፣ በቁጥር ሲጻፍ የስክሪኑ 2፣ የጂኤስኤሙ 4 ነው።

ኮድህን አላየሁትም። ነገር ግን የጂኤስኤሙ ማስነሻ «ማፕአር = 4»፣ የስክሪኑ ማስነሻ ደግሞ «ማፕአር = 2» የሚል ይመስለኛል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲሞከር ትክክል ነው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ኋላ የመጣው የፊተኛውን ይሰርዘዋል። 4 ጠፍቶ 2 ብቻ ይቀራል። ስክሪኑ ቦታውን ያገኛል፣ ዩአርቱ ወደ ፒኤ9 ይመለሳል። ኮምፓይለሩ ምንም አይልህም፣ ምክንያቱም በእሱ ዓይን ሁለቱም መስመሮች እንከን የላቸውም።

ፒኤ9 ላይ ጽሑፉ የታየህ ደግሞ ያንን ፒን ለዩአርት ያዘጋጀ የቆየ መስመር ኮድህ ውስጥ ስለቀረ ነው። እሱ ባይኖር ኖሮ የትም ምንም አታይም ነበር። ብዙ ሰው የሚቸገረው እንደዚያ ሲሆንበት ነው፤ አንተ ዕድለኛ ነህ።

ግምቴን ሳትቀበል በፊት ፈትነው። መሣሪያ አያስፈልግህም። ተርሚናሉን ለጂኤስኤሙ በሰጠኸው ፍጥነት ክፈት። ፕሮግራምህ «ኤቲ» ብሎ መልስ ሲጠብቅ አንተ ራስህ «ኦኬ» ብለህ ጽፈህ ኢንተር ምታ። ፕሮግራሙ ጂኤስኤሙ የመለሰለት መስሎት ወደሚቀጥለው ትእዛዝ ካለፈ ነገሩ አለቀ፤ የሚሰማው በፒኤ10 ነው ማለት ነው። ፓምፑን የሚያበራው ሪሌይ ግን በዚህ ሙከራ ጊዜ ይነቀል። ለፕሮግራሙ ጂኤስኤም ሆነህ እየመለስክለት ስለሆነ ምን እንደሚያደርግ አታውቅም።

ሌላም መንገድ አለ። የሁለቱን ማስነሻዎች ተራ ቀያይር፤ ስክሪኑ ይቅደም፣ ጂኤስኤሙ ይከተል። ስክሪኑ የመጀመሪያውን ጽሑፍ አሳይቶ ከደረቀ በሽታው ያው ነው። ጂኤስኤሙ በዚህ ጊዜ ሊመልስም፣ ሊንተባተብም ይችላል። አይቱሲ 1 ወደ ፒቢ6 ስለሚመለስ ሁለቱ አንድ ፒን ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ በዚህ ሙከራ ስክሪኑን ነው መከታተል ያለብህ።

ካልጠገብክ ደግሞ፣ አሁን ባለው ኮድህ ስክሪኑ እየሠራ ስለሆነ ሁለቱም ማስነሻዎች ካለፉ በኋላ የማፕአርን ታችኛ ቢቶች ስክሪኑ ላይ አሳያቸው። 2 ይልሃል። መሆን የነበረበት የ2 እና የ4 ድምር፣ 6 ነው።

መፍትሔው ይህ ነው። የፒኖቹን ሥራ በሙሉ ወደ አንድ ፈንክሽን ሰብስብ። መጀመሪያ ክሎኮቹን (የቺፑን ክፍሎች የሚያንቀሳቅሱትን ምቶች) ክፈት፦ የኤኤፍአይኦን፣ የፖርት ቢን፣ የዩአርት 1ን፣ የአይቱሲ 1ን። የኤኤፍአይኦውን እንዳትረሳ። ክሎኩ ሳይከፈት ማፕአር ላይ የጻፍከው ነገር ሁሉ ከንቱ ነው፤ ስህተት ተብሎም አይነገርህም። ቀጥሎ ማፕአር ላይ 6ን አንድ ጊዜ ጻፍ። ከዚያ የፒኖቹን ሁኔታ አስተካክል። ዩአርቱንና አይቱሲውን የምታስነሳው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሌላ ቦታ ያሉትን የማፕአር መስመሮች ደግሞ አጥፋቸው። በፕሮጀክቱ ፎልደር ሁሉ ስሙን ፈልገው፤ ያወረድከው የስክሪን ላይብረሪ ውስጥም ተደብቆ ሊሆን ይችላል።

አንድ ሰው «=» የሚለውን በ«|=» ቀይረው ይልህ ይሆናል። ለሌሎች ሬጅስተሮች ጥሩ ምክር ነው። እዚህ ግን ጠንቀቅ በል። በማፕአር ውስጥ ከቢት 24 እስከ 26 ያሉት ፕሮግራም መጫኛና መፈተሻ መስመሩን የሚቆጣጠሩ ናቸው፤ ይጻፍባቸዋል እንጂ አይነበቡም። ሲነበቡ የሚመጣው ዋጋ አይታወቅም። «|=» ደግሞ አንብቦ መልሶ የሚጽፍ ነው። ያልታሰበ ዋጋ ተመልሶ ከተጻፈ ኤስቲ-ሊንክ የተባለው ፕሮግራም መጫኛ መሣሪያ ቺፑን ማግኘት ሊያቅተው ይችላል። እንዲህ ከሆነብህ ቺፑ አልሞተም፤ ቦርዱ ላይ ያለውን የቡት0 ጃምፐር ወደ 1 አድርገህ ሪሴት ብታደርገው ያንተ ፕሮግራም ስለማይነሳ እንደገና ትጭንበታለህ። የሚሻለው ግን ሙሉውን ዋጋ አስበህ አንዴ መጻፍ ነው።

አሁን ወደ ፒኖቹ ሁኔታ። ማፕአር ምልክቱን ወደ ፒኑ ያደርሳል፤ ፒኑ ራሱ ካልተዘጋጀ ግን ውጭ አይወጣም። በኤፍ103 ለእያንዳንዱ ፒን አራት ቢት አለ። ለፒቢ6፣ ማለትም ለላኪው፣ 1011 ስጠው። ይህ ፒኑን ለዩአርቱ አሳልፎ ይሰጠዋል። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ 0011 ያስገባል። እሱ ኤልኢዲ ለማብራት ነው የሚሆነው፤ ኤልኢዲው ስለሚበራ ፒኑ ደህና ነው ይባልና ዩአርቱ ግን ምንም አይወጣለትም። ለፒቢ7፣ ለተቀባዩ፣ 1000 አድርግና በኦዲአር ሬጅስተር የዚያን ፒን ቢት 1 አድርገው። ያኔ ውስጣዊው ፑል-አፕ (መስመሩን ወደ 1 የሚስበው ሬዚስተር) ይሠራል፤ ጂኤስኤሙ ጠፍቶ ሳለ መስመሩ አይንሳፈፍም፣ የማይረባ ፊደል አይለቅምም። ለፒቢ8 እና ለፒቢ9 ኦፕን ድሬን (መስመሩን ወደ 0 ብቻ የሚስብ) መሆን ስላለበት 1110 ስጣቸው። ፒኤ9ን የሚያዘጋጀውን የቆየውን መስመር አውጣው። ፕሮግራም ስትጭን ፒኤ9ንና ፒኤ10ን የሚጠቀመው ቺፑ ውስጥ ያለው ቡትሎደር ነው፤ ለራሱ ያዘጋጃቸዋል፣ ካንተ ኮድ ምንም አይፈልግም።

እግረ መንገዴን ስለ ምሳሌ ኮዶች ላንሳ። ኤፍ4 በሚባለው ቤተሰብ ላይ እያንዳንዱ ፒን ለማን እንደሚሠራ ለየብቻው ነው የሚነገረው። ኤፍ103 ላይ ግን ዩአርቱ ሁለቱንም ፒኖች ይዞ አንድ ላይ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ከኤፍ4 የተቀዳ ኮድ ኤፍ103 ላይ አይሆንም፣ ስሞቹ ቢመሳሰሉም። የቺፑ ማኑዋል አርኤም0008 ነው። ስለ ጂፒአይኦ (ስለ ፒኖቹ) እና ስለ ኤኤፍአይኦ የሚናገረውን ምዕራፍ ብቻ እንኳ አትመህ ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጠው። እኔ ጋ ለሚመጡ ተማሪዎች ሁሉ የምለው ይህንን ነው።

ካስተካከልክ በኋላ በመልቲሜትር አረጋግጥ። ዲሲ ቮልት ላይ አድርገህ ፒቢ6ን ከግራውንድ ጋር ለካ። ዩአርቱ ተነስቶ ምንም ሳይልክ ሲቀር 3.3 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ «ዩ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ካፒታል ፊደል ያለማቋረጥ ላክ። የዚህ ፊደል ቢቶች ከመነሻና ከማቆሚያ ቢቶቹ ጋር ሆነው አንድ ዜሮ፣ አንድ ዜሮ እያሉ የሚፈራረቁ ናቸው። ስለዚህ መልቲሜትሩ ግማሹን፣ 1.65 ቮልት አካባቢ ያሳይሃል። ኦሲሎስኮፕ የሌለው ሰው ይህችን ዘዴ ይያዛት፤ ምልክቱ እውነት ከፒኑ እየወጣ መሆኑን በደቂቃ ታሳያለች። ይህን ስትለካ የጂኤስኤሙን ሽቦ ከፒቢ6 ንቀለው።

ዝምታው ቀርቶ የተበላሸ ፊደል ቢመጣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔ ክሎኩን እይ። በ72 ሜጋኸርዝ ለ9600 ፍጥነት ማካፈያው 7500 ነው። ክሪስታሉ ሳይነሳ ቀርቶ ቺፑ በውስጣዊው 8 ሜጋኸርዝ እየሠራ ከሆነ ግን ፍጥነቱ 1067 ገደማ ይሆናል፤ ማንም አይገባውም።

አንድ ነገር አልነገርከኝም፤ በፒቢ6 እና በጂኤስኤሙ መካከል ሬዚስተር አለ? የሲም800ኤል የመረጃ ፒኖች የሚሠሩት በ2.8 ቮልት ነው። ያንተ ቺፕ የሚልከው 3.3 ነው። ከፒቢ6 ወደ ሞጁሉ በሚሄደው ላይ 1 ኪሎ ኦም በተከታታይ፣ ከዚያ ከሞጁሉ ፒን ወደ ግራውንድ 5.6 ኪሎ ኦም አድርግ። ልክ 2.8 ይሰጥሃል። በተቃራኒው አቅጣጫ ምንም አያስፈልግም፤ ኤፍ103 2.8 ቮልትን እንደ አንድ ይቀበለዋል። ያለዚህ ዛሬ ቢሠራም፣ ማሳ ላይ ወራት የሚቆም ዕቃ ነውና አትድፈር። ግራውንዶቹም የጋራ ይሁኑ።

ስለ ሜሞሪ ካርዱ ቀድመህ መጠየቅህ ጥሩ ነው። ኤስፒአይ 1ን (ቺፑ ከካርዱ ጋር ሊነጋገርበት የሚችለውን ክፍል) ወደ ፒቢ3፣ ፒቢ4 እና ፒቢ5 አዙሬ እጠቀማለሁ ብለህ አስበህ ከሆነ ተወው። ፒቢ3 እና ፒቢ4 ቺፑ ሲነሳ በጄታግ፣ ማለትም በመፈተሻ መስመሩ፣ የተያዙ ናቸው። እሱስ ይለቀቃል። የባሰው ግን አምራቹ ራሱ በቺፑ የስህተት ዝርዝር ላይ ያስቀመጠው ነገር ነው፦ አይቱሲ 1 ክሎኩ ተከፍቶ ሳለ ኤስፒአይ 1 ዞሮ እንደ ማስተር ሲሠራ ፒቢ5 ላይ ይጋጫሉ። አይቱሲው ያንን ፒን ባይጠቀምበትም እንኳ። ያንተ ስክሪን ደግሞ አይቱሲ 1 ላይ ነው።

ስለዚህ ኤስፒአይ 2ን ተጠቀም። ማዞር አይፈልግም፣ ማፕአርም እንዳለ 6 ይቆያል። ክሎኩ ፒቢ13፣ ከካርዱ የሚመጣው ፒቢ14፣ ወደ ካርዱ የሚሄደው ፒቢ15 ነው። መምረጫውን ፒቢ12 ላይ አድርገህ እንደ ተራ አውትፑት በራስህ ኮድ ቆጣጠረው፤ እሱ ብቻ 0011 ይሆናል። ፒቢ13 እና ፒቢ15 1011፣ ፒቢ14 ደግሞ ከፑል-አፕ ጋር 1000። ካርዱን ስታስነሳ ከ400 ኪሎኸርዝ በማይበልጥ ፍጥነት ጀምር፤ መልስ ከሰጠህ በኋላ ታፈጥነዋለህ። ካርዱን የጨመርክ ቀን ደግሞ ከሁሉ በፊት ጂኤስኤሙን «ኤቲ» በለው፣ ስክሪኑ ላይም ማፕአር አሁንም 6 መሆኑን እይ።