ጣሪያው ሳይከፈት

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት አሮጌ ቤት በመመርመር ነው። ይቆም ወይስ ይፍረስ? እሱን መናገር ነበር ሥራዬ። ከሁሉም አብልጬ የምወደው የድሮውን የእርሻ ጎተራ ነው፤ ከታች ከብት፣ ከላይ ድርቆሽ የሚያሳድረውን ትልቅ የእንጨት ቤት።

ከገባችሁ ቀና ብላችሁ መጋጠሚያውን እዩ። የአንዱ እንጨት ጫፍ ተጠርቦ ሌላው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በእንጨት ሚስማር ይያዛል። ብረት የሚባል የለበትም። ሳንቃዎቹ መሃል ያለው ክፍተትም የአናጢ ግድየለሽነት አይደለም፤ ድርቆሹ እንዲናፈስ ነው። በደንብ ሳይደርቅ የታጨቀ ድርቆሽ ከውስጥ ይግልና ክብሪት ሳይነካው ይቀጣጠላል።

ጎተራን የሚገድለው ጣሪያው ነው። አንዲት ቆርቆሮ ትነሳለች፤ ውሃው መጋጠሚያው ላይ ይወርዳል፤ እንጨቱ ከዚያ ይበሰብሳል። ባለቤቱ ለምን አይደፍናትም? ስንፍና አይምሰላችሁ። ቤቱ ሥራ ፈትቷል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ድርቆሹን በትልልቁ የሚጠቀልል ማሽን ሲስፋፋ፣ ጥቅሉ ሜዳ ላይ ማደር ጀመረ። ትልቁ ትራክተርም በጠባቡ በር አልገባ አለ።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1935 ወደ 6.8 ሚሊዮን እርሻ ነበር። በ2022ቱ ቆጠራ 1.9 ሚሊዮን ቀረ። መሬቱ የትም አልሄደም፣ አብዛኛው ወደ ጎረቤት ዞረ እንጂ። የማሽን ዕዳ በጠባብ ማሳ አይከፈልማ።

«ድሮ ቀረ» እያልኩ ላለቅስባችሁ አይደለም። ያ ኑሮ ወገብ ይቆርጣል፤ ጥሎ የሄደውን አልፈርድበትም። ግን ትንሹን እርሻ አትናቁት። በዓለም ላይ ከ6 እርሻ 5ቱ ከ2 ሄክታር በታች ነው። ከእርሻ መሬቱ 12 በመቶ ያህሉን ይዘው ከዓለም ምግብ 35 በመቶ ገደማውን እንደሚያመርቱ ይገመታል።

አንድ ጊዜ ወንድማማቾች ለማፍረሻ ግምት ጠሩኝ። አባታቸው «ልጆቼ አይፈልጉትም» ብሎ መሬቱን ሸጦ ሞቷል። ትንሹ ምሰሶውን እየዳሰሰ «እኔ እኮ እፈልገው ነበር» አለኝ። ነግሮት አያውቅም። አባትየውም ጠይቆት አያውቅም።

እናንተ ተነጋገሩ። ማን ይቀራል፣ ማን ይሄዳል፣ ዕዳው ስንት ነው፣ የሚሄደውስ ድርሻው እንዴት ይሆናል? ይቺን ነገር የእርሻው ባለቤት ሽማግሌው በሕይወት እያለ ጨርሷት፤ በወረቀትም አስፍሯት። መፍረሱ ካልቀረም መጋጠሚያውን ለኩት፣ ፎቶ አንሱት።

ጣሪያው አሁን የሚያፈስ ከሆነ ግን ስብሰባው ይቆይ፤ መጀመሪያ ሸራ አልብሱት።