ቃልም ዘሩ ይቆጠራል

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ቁጭ ብዬ የሞጣ መኪና ስጠብቅ፣ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ አጠገቤ ሆኖ የእንግሊዝኛ ቃላት ሲሸመድድ አየሁት። ከኤ ጀምሮ፣ በፊደል ተራ፣ ከነአማርኛ ፍቺው። አንዷን ያነባል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይደግማታል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

"የት ደረስክ?" አልኩት።

"ቢ ላይ ነኝ ጋሼ።"

ፈተናው ደርሷል። በዚህ አያያዝ ዜድን አያያትም። እንግሊዝኛ ባስተማርኩባቸው 34 ዓመታት እንዲህ ያለ ልጅ ብዙ አይቻለሁ። ሰነፍ አይደለም፤ የፈሰሰ ጤፍ አንድ በአንድ የሚለቅም ሰው ነው እንጂ። መኪናዬ መጣና ሳንጫወት ተለያየን። ያኔ ልነግረው ያሰብኩትን ነው አሁን የምጽፈው።

ጎጃም ተወልዶ የቃል አያያዝ አላውቅም ማለት አያምርም። ታላቅ ወንድሜ የቅኔ ተማሪ ነበር። ማታ ማታ ደበሎውን ተከናንቦ "ቀተለ ገደለ፣ ይቀትል ይገድላል፣ ይቅትል ይገድል ዘንድ" እያለ ግስ ሲወርድ እየሰማሁ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። የኔታ ቃል በነጠላ አይሰጡም። ግሱ ሁሉ በስምንት አርእስት ሥር ያድራል፤ ቀተለን አጥብቆ የያዘ ልጅ በእሱ ቤት የሚሄደውን ሁሉ ያረባዋል። አማርኛችንም ያው ነው። ነገረ ካላችሁ ነጋሪ፣ ንግግር፣ አነጋገር፣ ተናጋሪ ተከታትለው ይመጣሉ። አጥንቱ ሦስት ፊደል ነው።

እንግሊዝኛም አጥንት አለው፤ ብዙውን ከላቲንና ከግሪክ ነው ያመጣው። ፒ-ኦ-አር-ቲ የሚሉትን አራት ፊደላት እንያቸው። በላቲን ፖርታሬ መሸከም ነው። ኢምፖርት ተሸክሞ ማስገባት፣ ኤክስፖርት ተሸክሞ ማውጣት፣ ትራንስፖርት ተሸክሞ ማሻገር፣ ሪፖርት ወሬ ተሸክሞ መመለስ። ሳፖርት ደግሞ ከሥር ገብቶ መሸከም ነው፤ ጎጆ የሚደግፈውን ባላ አስቡ። ቀበሌ ስብሰባ ተቀምጦ ሪፖርት ሲነበብ ያልሰማ ማን አለ? ቃላቱ ቤታችን ከገቡ ቆይተዋል፤ ዝምድናቸውን ሳንጠይቅ ነው የኖርነው። "ቴሌ ደርሼ ልምጣ" የምትል እናትስ ሩቅ የሚለውን የግሪክ ቃል እየጠራች መሆኑን መቼ ታውቃለች!

ይህን ብቻ ይዛችሁ ብትሮጡ ግን ትወድቃላችሁ። በእኛ አገር ልጅ ሊዳር ሲታሰብ ሽማግሌ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ መልክ አይቶ ዘመድ ነው፣ ባዳ ነው አይልም። ፓስፖርትን አይታችሁ "ይኸም የመሸከም ልጅ ነው" ትሉ ይሆናል። አይደለም። የእሱ ፖርት ወደብ የሚለው ነው፤ ፈረንሳዮቹ ወደብ ማለፊያ ሲሉ ያወጡት ስም። ኤርፖርትም በዚያው ቤት ነው። ኦፖርቹኒቲ፣ ዕድል የምንለው፣ መርከብን ወደ ወደቡ ከሚነዳ መልካም ነፋስ የመጣ ነው። ወዲህ ደግሞ ስፖርትን ታገኛላችሁ። ኳስና ሸክም ምን አገናኛቸው? በድሮ ፈረንሳይኛ ዴስፖርቴ ይባል ነበር፤ ሐሳብን ከሥራ ተሸክሞ መውሰድ፣ ማዝናናት። እንግሊዞች ዲስፖርት ብለው ወሰዱት፣ ፊቱን ቆረጡት፣ ስፖርት ቀረ። ባዳ የመሰለው ዘመድ ሆኖ ተገኘ።

መልክ አይቶ መፍረድ እኔንም አዋርዶኛል። ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። "ኢን ከፊት ከመጣ ቃሉን ያፈርሰዋል፤ ኮሬክት ትክክል፣ ኢንኮሬክት ስህተት" እያልኩ ሰሌዳ ሙሉ እጽፍ ነበር። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ስንመለስ አባይ በረሃን ወጥተን ደጀን ላይ ጎማችን ፈነዳ። ጎማው እስኪቀየር ወርደን ስንጠብቅ አንድ ቦቴ መጥቶ ከጎናችን ቆመ። ጀርባው ላይ በትልልቁ ኢንፍላመብል ይላል። ፍሌም ነበልባል መሆኑን አውቃለሁ። አብረውኝ ለነበሩት "የማይቀጣጠል ነገር ነው የጫነው" ብዬ አስረዳሁ፤ ድምፄንም ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም። የቦቴው ረዳት ጎማዎቹን በብረት እየመታ ሲዞር ሰማኝና ቀና ሳይል፣

"መምህር፣ ቤንዚን ነው እኮ። ሲጋራ የያዘ ካለ ራቅ ይበልልን" አለ።

ለካ ይኸኛው ኢን የማፍረሻው አይደለም። ወደ ውስጥ የሚለው ኢን ነው፤ ወደ ነበልባል የሚገባ፣ የሚቀጣጠል። ኢምፖርት ላይ ያለውም ኢም እሱው ነው። የእኔን ዓይነት ሰው ስለበዛ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች "ኢኑን አንሱትና ፍላመብል ብላችሁ ጻፉ" እያሉ ወተወቱ። ዛሬ ሁለቱም አሉ፤ ሁለቱም ይነዳሉ።

ፊደሉ አንድ፣ ድምፁ ሌላ የሚሆንበትም አለ። ኦ-ዩ-ጂ-ኤች "ታፍ" (ጠንካራ) ላይ ጂ-ኤቹ እንደ ፈ ይጮኻል፤ "ስሩ" (አቋርጦ) ላይ ግን ጂ-ኤቹ ጠፍቶ ኡ ይቀራል፣ "ዞው" (ቢሆንም) ላይም ጠፍቶ ኦው ይቀራል። ጂ-ኤቹ ድሮ እንደ ኸ ከጉሮሮ ይወጣ ነበር። የሕትመት ማሽንን ወደ እንግሊዝ ያስገባው ካክስተን ማተሚያውን እ.ኤ.አ. በ1476 ዌስትሚንስተር ላይ ሲተክል ድምፁ ገና በብዙዎች አፍ ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ አጻጻፉ እየረጋ ሄደ፣ ምላሱ ግን መንገዱን ቀጠለ። በዚህ እንግሊዞችን የምትስቁ ካላችሁ ቆይ፤ በግዕዝ ሠረቀ ወጣ፣ በራ ነው፣ ሰረቀ ያው ሰረቀ ነው። እኛ ሁለቱን በአንድ ድምፅ እያነበብን ሞክሼ ብለን አስቀመጥናቸው።

እንግዲህ ደብተር ግዙ። ለአንድ አጥንት አንድ ገጽ ስጡ፤ ከላይ አጥንቱን፣ ከሥሩ ልጆቹን ጻፉ። አዲስ ቃል ሲገጥማችሁ ቤቱን ገምቱ፤ ግምታችሁን ግን ቃሉ ያለበት ዓረፍተ ነገር ካልተቀበለው መዝገበ ቃላት ሳትገልጡ እንዳትጽፉት። በቀን ሦስት አራት ቃል ይበቃል። ከየገጹ ግርጌም ቦታ ተዉ። እኔ አልተውኩም ነበር፤ ስፖርትን ያገኘሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ስለሆነ፣ ፖርት ገጽ ላይ ከኅዳጉ ጥግ፣ መነጽር በምታስፈልግ ደቃቃ ጽሕፈት ተጣብቆ ነው ያለው።