ድምፅህ ቀጭን ነው ካሉህ፣ ማይክ ለመግዛት አትቸኩል

ጥያቄውን ላላዩት በአጭሩ ልድገመው። ወንድማችን የሚኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። የአማተር ሬዲዮ (ሃም) ፈቃዱን ይዟል። የሚልክበትም የሚቀበልበትም ሬዲዮ አይኮም 7300 ነው፣ ማይኩም አብሮት የመጣው የእጅ ማይክ። በ20 ሜትር የሞገድ ባንድ የሚያገኛቸው አውሮፓውያን «ድምፅህ ቀጭን ነው፣ ከጣሳ ውስጥ የምታወራ ይመስላል» ይሉታል። እሱ ደግሞ እንደ ኤፍኤም ጋዜጠኛ ጥርት ብሎ መሰማት ይፈልጋል። ኮንደንሰር ማይክና ሚክሰር ልግዛ ወይ ነው የሚለው።

እኔ ለገጣፎ ነኝ፤ ጎረቤታሞች ነን ማለት ይቻላል። ቁርጡን ልንገርህ፦ አሁን ምንም አትግዛ። ኮንደንሰሩን ደግሞ ጭራሽ እርሳው። ጸጥ ላለ ስቱዲዮ ጥሩ ነው። በእኛ በኩል ግን ንጋት ላይ የቤተክርስቲያን ድምፅ ማጉያ አለ፣ ቀን የግንባታ ግራይንደር አለ፣ ማታ ውሻ አለ፣ አንዳንዴም ጅብ። ኮንደንሰሩ ሁሉንም ለቅሞ ሮም ድረስ ይልክልሃል። (የእኔ ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጀምር የሚያዋጣው ሬዲዮውን አጥፍቶ ቡና መጠጣት ነው።)

በእኔ ልምድ ትልቁ ሥራ ያለው ድምፅህ ማይኩ ጋ እስኪደርስ ድረስ ነው። ማይኩን ከአፍህ ምን ያህል አርቀህ ትይዘዋለህ? ርቀቱን በግማሽ በቀነስክ ቁጥር ድምፅህ ከክፍሉ ጫጫታ አንጻር በ6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። ከ20 ሴንቲሜትር ወደ 5 ከመጣህ 12 ዴሲቤል አተረፍክ። ያውም በነጻ! ከዚያ የማይክ ጌይኑን (የማጉያ መጠኑን) ዝቅ አድርገው። ጌይኑ ሲወርድ ውሻውም አብሮ ይወርዳል። 7300 መላክ ስትጀምር ፋኑ ይነሳል፤ ስለዚህ ማይኩ ጀርባውን ለሬዲዮው ይስጥ። ትንፋሽህ እንዳይመታው ደግሞ ትንሽ ወደ ጎን አድርገህ ተናገርበት።

ያ የጣሳ ድምፅ ከክፍሉ ነው የሚመጣው ብዬ እገምታለሁ። ግድግዳው ባዶ፣ ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ ድምፅህ ተንጸባርቆ ወደ ማይኩ ይመለሳል። የስቱዲዮ ስፖንጅ አያስፈልግህም። ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ስቀል። ከፊትህ አይደለም፣ ከጀርባህ፤ ማይኩ የሚያየው የጀርባህን ግድግዳ ነውና። እንግዳ ሲመጣ ታወርደዋለህ።

አሁን ወደ ሬዲዮው። 7300 የምትልከውን ድምፅ ስፋት ራስህ ትመርጣለህ። ታችኛው ጫፍ 100፣ 200፣ 300 ወይም 500 ኸርዝ ነው፤ ላይኛው 2500፣ 2700፣ 2800 ወይም 2900። ታችህ 300 ወይም 500 ላይ ተቆርጦ ከሆነ ቀጭን ቢሉህ አይገርምም። ከ200 እስከ 2900 አድርገው። ስፋቱ 2700 ይሆናል። ይህን ቁጥር ዝም ብዬ አላመጣሁትም። ዓለም በሬዲዮ ከተከፈለችባቸው ክልሎች እኛ ባለንበት፣ አፍሪካና አውሮፓን በያዘው ክልል 1፣ የዓለም አቀፉ የአማተር ሬዲዮ ኅብረት የባንድ ዕቅድ በ20 ሜትር ለድምፅ የሚሰጠው ስፋት እስከ 2700 ኸርዝ ድረስ ነው።

ኤስኤስቢን (በዚህ ባንድ ድምፅ የምንልክበትን ጠባብ ዘዴ) ወደ 4 ኪሎኸርዝና ከዚያ በላይ ዘርግተው እንደ ኤፍኤም የሚሰሙ ሰዎች አሉ። ያምራል፣ አልዋሽህም። ባንዱ በተጨናነቀ ሰዓት ግን የሌላውን ቦታ መቀማት ነው። ሰሚውም ማጣሪያውን ከ2.4 ወደ 4 ኪሎኸርዝ ሲከፍትልህ 2.2 ዴሲቤል ተጨማሪ ጫጫታ ይገባበታል። ስለዚህ የኤፍኤሙን ህልም ትንሽ ቀንሰው። ደግሞም ምንም ብታደርግ የ«ስ» ፉጨት አብዛኛው ጉልበቱ ከ4 ኪሎኸርዝ በላይ ነው። በኤስኤስቢ «ስም» እና «ፍም» የሚምታቱት ለዚህ ነው። ይህን የሚያድን ማይክ የለም፤ ለS ሲየራ፣ ለF ፎክስትሮት እያልክ ፊደሉን ትጠራለህ፣ አለቀ።

ኮምፕሬሰሩን (ደካማውን ድምፅ ወደ ጠንካራው የሚያስጠጋውን) ረጋ ላለ ጨዋታ አጥፋው፣ ካልሆነም ለትንሽ ብቻ ተጠቀምበት። በቃላት መካከል ያለውን ጸጥታ ከፍ ያደርገዋል፤ እዚያ ጸጥታ ውስጥ ደግሞ ጎረቤትህ አለ። «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ቀ» የሚፈነዱት ከቅጽበት ዝምታ በኋላ ነው። ኮምፕሬሰሩ ሲበዛ ያቺ ዝምታ ትሞላና ፊደሎቹ ይደበዝዛሉ። የምትልከው ድምፅ እንዳይበዛ የሚያሳይህ የኤኤልሲ መለኪያም ከተሰመረለት ክልል አይለፍ። ካለፈ ድምፅህ ይሻክራል፣ ጎን ያሉትንም ትረብሻለህ።

አንድ ሁኔታ ላይ ግን ይህን ሁሉ ገልብጠው። በኢቲ (ET፣ የኢትዮጵያ) የሚጀምር የጣቢያ መጥሪያ ብርቅ ነው። አንዴ ሲኪው (CQ፣ «የሚሰማኝ ይመልስልኝ») ካልክ ግማሽ አውሮፓ ይረባረብብሃል። ያኔ የድምፅ ውበት ማንም አይፈልግም፤ መጥሪያህን መስማት ነው የሚፈልጉት። ታችኛውን ጫፍ ወደ 300 ወይም 500 አውጣ፣ ኮምፕሬሰሩን ክፈት። ከ300 በታች ያለው ድምፅ ዋትህን ይበላል እንጂ ቃልህን አያስረዳም። ሬዲዮው ሰፊ፣ መካከለኛና ጠባብ ብሎ ሦስት ስፋት ስለሚያስቀምጥልህ በአንድ ጊዜ ትቀያይራለህ።

ድምፅህን ለመገምገም የሰው አስተያየት አትጠብቅ። ሃም ጨዋ ነው፣ ለሁሉም «አምስት ዘጠኝ»፣ ማለትም ጥርት ብለህ ትሰማለህ፣ ይላል። የምትልከውን መልሶ በሚያሰማህ ሞኒተርም ብቻ አትፍረድ፤ ስታወራ የራስህ ድምፅ በአጥንትህ በኩልም ስለሚመጣ ያታልልሃል። ኔዘርላንድስ ያለው የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ የኢንተርኔት መቀበያ ለማንም ክፍት ነው። ከሰዓት በኋላ 20 ሜትር ወደ አውሮፓ ሲከፈት በስልክህ ግባበት፣ ስታወራ ቅዳው፣ በማግስቱ በሄድፎን ስማው። በዚያው ዕለት ከሰማኸው ጆሮህ ሊያዳላልህ ይችላል።

ከድምፅህ ሥር «እምም» የሚል ነገር ከሰማህ የመብራቱ 50 ወይም 100 ኸርዝ ነው። ላፕቶፑ ከሬዲዮው ጋር ተያይዞ ከሆነ ከቻርጀሩ ንቀለው። ከጠፋ፣ መንገዱ በዚያ በኩል ነበር። ኃይል ስትጨምር የሚሻክር ድምፅ ግን ሌላ ነገር ነው። ወደ 10 ዋት ዝቅ አድርገህ ሞክር። ከጠራ፣ አንቴናህ የሚረጨው ሞገድ በማይኩ ገመድ ተመልሶ እየገባ ነው። አንቴናው በረንዳ ላይ ሲሆን የተለመደ ነው። እንዲህ ያለውን ሞገድ በሚያግድ ቁጥር 31 ፌራይት ቀለበት ላይ ገመዱን ደጋግመህ ጠምጥመው፤ የአንቴናውንም ገመድ እንደዚያው።

ፓወር ሰፕላይህ ደካማ ከሆነ ደግሞ የእንጀራ ቀን ይፈትንሃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። የሕንጻው ሰው ሁሉ ሲጋግር መብራቱ ይወርዳል፣ ለሬዲዮው የሚሰጠው 13.8 ቮልትም አብሮ ይወርድና ድምፅህ ይንቀጠቀጣል። ያን ሰዓት በባትሪ ሥራ።

ይህን ሁሉ ሞክረህ ካልረካህ ዳይናሚክ ማይክ (እንደ ኮንደንሰር ሁሉን የማይለቅመውን ዓይነት) ግዛ፣ ርካሹም ይበቃል። አይኮም በማይክ መስመሩ ላይ ዲሲ (ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) ስለሚልክ ያን የሚያግድ ካፓሲተር በመካከል አስገባበት፤ ከ1 እስከ 10 ማይክሮፋራድ ያለ ይሆናል። አቅርበህ ስታወራበት ይጎረንናል፣ ያኔ የመላኪያውን ቤዝ ቀንሰው። ቤዝና ትሬብል ሜኑው ውስጥ ከ-5 እስከ +5 አሉልህ። ሚክሰሩን የማልመክርህም ለዚሁ ነው፤ እሱ የሚሠራልህን አብዛኛውን ሬዲዮው ራሱ ይሠራዋል፣ ሌላ ገመድና ሌላ «እምም» ሳይጨምርብህ።