ቤቱን ለመሸጥ አይቸኩሉ

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ አንድ ጭንቀት ያዘሉ ናቸው፦ ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ በአእምሮ ሕመም ሲያዝ ወጪው በምን ይቻላል?

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ልጄ ስኪዞፍሬንያ እንዳለበት ተነገረን። የምንተዳደረው በትንሽ ሱቅ ነው። ቤቱን ሸጬ በግል ሆስፒታል ላስተኛው? (ከደሴ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይሽጡ። ይህ ሕመም ለዓመታት፣ በየወሩ የሚከፈልለት ነው። አክስቴ ጥሪቷን በመጀመሪያው ዓመት ጨረሰች። ከዚያ በኋላ የልጇን የቀጠሮ ካርድ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትመላለስ ነበር። ቀጠሮው አንድም ቀን አልተጓደለም፤ የሚጓደለው መድኃኒቱ ነበር።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ይሁኑ። ልጅዎ 18 ዓመት ስላለፈው በእርስዎ መዝገብ ላይ መካተቱን ያረጋግጡ። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳያጽፉ በቀጥታ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ቢሄዱ መድኑ ላይሸፍንልዎ ይችላል። ከሩቅ የሚመጣን ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚያደኸየው ደግሞ የመኪናና የአልጋ ኪራዩ ነው፤ ስለዚህ ክትትሉ በአቅራቢያዎ እንዲሆን ሐኪሙን ይለምኑ። ክኒን አልውጥም ካለ በየወሩ የሚወጋ መርፌ መኖሩንም ያንሡለት።

ጥያቄ፦ ልጄ ተሽሏታል። ወጪው ከብዶናልና መድኃኒቱን ብናቆምስ?

መልስ፦ እናቴ፣ በራስዎ አያቁሙት። የተሻላት እየወሰደች ስለሆነ ነው፤ ካገረሸባት ወጪው ይብሳል። ይልቅ ሐኪሟ በዋጋ የሚቀል መድኃኒት ካለ እንዲቀይርላት ይጠይቁ። ጠበል ስትሄዱም መድኃኒቱ አብሯት ይሂድ።

ጥያቄ፦ ታማሚው ልጄ ከሦስት ወር በኋላ 26 ዓመት ይሞላውና ከእኔ መድን ይወጣል። በስሙ ገንዘብ እያስቀመጥሁለት ነው። (ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ እህቴ፣ ልደቱ ሳይደርስ መሥሪያ ቤትዎን ይጠይቁ፤ ሠርቶ ራሱን መቻል ያልቻለን ልጅ ከ26 በኋላም የሚያቆዩ መድኖች አሉ። ካልሆነ፣ ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ ሜዲኬይድ ለተባለው የመንግሥት የጤና መድን በማንኛውም ጊዜ ማመልከት ይችላል።

በስሙ የሚያስቀምጡትን ግን ዛሬውኑ ይግቱ። ኤስኤስአይ የተባለውን የመንግሥት ወርኃዊ ድጎማ ሲጠይቅ በስሙ ከ2,000 ዶላር በላይ ከተገኘ ይከለከላል። ኤብል በተባለው የአካል ጉዳተኞች የቁጠባ ሒሳብ ያለው ገንዘብ ግን እስከ 100,000 ዶላር አይቆጠርበትም። ሒሳቡም ከጥር 2026 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአካል ጉዳቱ ወይም ሕመሙ ከ46 ዓመቱ በፊት ለጀመረው ሁሉ ክፍት ነው።