«ጋርቦ ትናገራለች!»፦ ስለ «አና ክሪስቲ» ጠይቁኝ

ስለ 1930ው ፊልም የጠየቃችሁኝን እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ታሪኩን ባጭሩ?
መልስ፦ ክሪስ የድንጋይ ከሰል በሚጭን ጀልባ ላይ የሚኖር ስዊድናዊ ነው። ባሕርን ይጠላል። ሴት ልጁን አናን ከባሕር ላርቃት ብሎ ሚኒሶታ፣ ገበሬ ዘመዶቹ ጋ ያሳድጋታል። የተደፈረችው ግን እዚያው ዘመድ ቤት ነው። ከዚያ ወጥታ ሴተኛ አዳሪ ሆነች። ከ15 ዓመት በኋላ ኒው ዮርክ ስትመጣ አባትየው ይህን ሁሉ አያውቅም።

ጥያቄ፦ መነሻው ቴአትር ነው አሉ፤ የማን?
መልስ፦ የአሜሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት የዩጂን ኦኒል። በ1921 በኒው ዮርኩ የቴአትር ሰፈር ብሮድዌይ ላይ ታየ፣ በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። በ1923 ደግሞ ድምፅ አልባ ፊልም ሆነ። አባትየውን በመድረኩም በሁለቱም ፊልሞች የተጫወተው ያው ጆርጅ ማሪዮን ነው። ሚናውን ለማንም አልለቀቀም!

ጥያቄ፦ ተዋናይቷ ግሬታ ጋርቦ በፊልም መናገር ለምን በዚህ ጀመረች?
መልስ፦ ስዊድናዊት ናት። ፊልም ላይ ድምፅ ሲመጣ ፊልም ሠሪው ኩባንያ ኤም ጂ ኤም ቅላፄዋን ፈርቶ ቆየ። አና ደግሞ ስዊድናዊት፤ ቅላፄው ጭራሽ ለሚናው ተስማማ። ማስታወቂያው «ጋርቦ ትናገራለች!» ብቻ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ካስጠበቀች በኋላ ደክሟት መጠጥ ቤት ትገባለች፣ ወንበር ላይ ዘፍ ትላለች። «ውስኪ ስጠኝ፣ ጅንጀር ኤል (የዝንጅብል ለስላሳ) በጎኑ፤ ደግሞ እንዳትሰስት!» ድምፅዋ ወፍራም ነው።

ጥያቄ፦ እኔን ግን ሰለቸኝ። ቁጭ ብለው ማውራት ብቻ!
መልስ፦ አልፈርድብህም። ያኔ ካሜራው ይጮኻል፣ ማይክሮፎኑ ሁሉን ይለቅማል፤ እንደ ልብ መንቀሳቀስ የለም። ዳይሬክተሩ ክላረንስ ብራውንም ተውኔቱን ብዙ አልነካካም። ግን የመጠጥ ቤቱን ትዕይንት ድገመው። ማሪ ድሬስለር ማርቲ የምትባለውን አሮጊት ሰካራም ሆና ፊት ለፊት ተቀምጣለች። አና አየት ታደርጋትና «ከ40 ዓመት በኋላ እኔ ማለት አንቺ ነሽ» ትላታለች። ለእኔ ፊልሙን የሰረቀችው ድሬስለር ናት።

ጥያቄ፦ ኦስካርስ?
መልስ፦ ሦስት እጩነት፣ ባዶ እጅ።

ጥያቄ፦ ጋርቦ ጀርመንኛ የምታወራበት ቅጂ አየሁ። ድምፁ ተቀይሮ ነው?
መልስ፦ ኧረ አይደለም! እንደ አዲስ የተቀረጸ ነው። ዳይሬክተሩ ዣክ ፌደር ነው፣ አብረዋት የሚጫወቱትም ሌሎች ናቸው። ሁለቱን ካገኘሃቸው የመጠጥ ቤቱን ክፍል አከታትለህ እይ።