የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከፍታው ነው የሚያስፈራው ወይስ መጠበቁ?

ጥያቄ፦ ለዝግጅት ክፍሉ አባላት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔ ኮምቦልቻ የምኖር መምህር ነኝ። ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ፣ እህቴ ደግሞ አውስትራሊያ ይኖራሉ። ሁለቱ በቤተሰባችን ቴሌግራም ላይ የጀመሩት ሙግት ሳምንታት ቢያልፉትም አልበረደም። ወንድሜ ላስ ቬጋስ ውስጥ «ቢግ ሾት» በተባለው መጫወቻ፣ እህቴ ደግሞ ጎልድ ኮስት በሚገኘው ድሪምወርልድ ፓርክ ውስጥ «ጃያንት ድሮፕ» በተባለው ማማ ላይ ተሳፍረዋል፤ ሁለቱም «የኔን የሚያህል የለም» ባይ ናቸው። ዳኛ ያደረጉት ደግሞ እኔን ነው፤ እኔ ከሐረጎ ቁልቁለት በቀር የማውቀው ነገር የለም። ያልተሳፈረ ሰው እንዴት ያመዛዝናል? ሆድን ቁርጥ የሚያደርገውስ ከፍታው ነው ወይስ ፍጥነቱ?

መልስ፦ ወንድምዎና እህትዎ የተሳፈሩባቸው ሁለቱ መጫወቻዎች ከሩቅ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ እንጂ አሠራራቸው የተለያየ ነው። ድሮፕ ታወር የሚባለው ማማ ሰውን ወንበር ላይ አስሮ በዝግታ ወደ ላይ ይጎትተዋል፤ ጫፍ ሲደርስ ጥቂት ያቆየውና ይለቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 የተከፈተው የእህትዎ ጃያንት ድሮፕ የዚህ ወገን ሲሆን ቁመቱ 119 ሜትር፣ ከፍተኛ ፍጥነቱም በሰዓት 135 ኪሎ ሜትር ነው። የወንድምዎ ቢግ ሾት ግን ሰውን የሚለቅ ሳይሆን የሚተኩስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ስትራቶስፌር በተባለው ረጅም ግንብ አናት ላይ ተተክሎ፣ በታመቀ አየር ኃይል ተሳፋሪውን 49 ሜትር ያህል ሽቅብ ያስፈነጥረዋል፤ ከዚያም እያነጠረ ይመልሰዋል።

ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች የቀመሱት ስሜት በቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። ቢግ ሾት ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ክብደት ነው፤ ሲተኮስ ሰውነት እስከ አራት እጥፍ ስለሚከብድ፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለቅጽበት 240 ኪሎ የሆነ ያህል ወንበሩ ላይ ይጫናል፤ ቅለቱ የሚከተለው ጫፍ አካባቢ ግፊቱ ሲያልቅ ነው። ጃያንት ድሮፕ ላይ ግን ረጅም ጥበቃ ይቀድማል፣ ቅለቱ ይከተላል፣ ክብደቱ መጨረሻ ላይ ፍሬኑ ሲይዝ ይመጣል።

ሆድን ቁርጥ የሚያደርገው ይህ ቅለት ነው። ምን እንደሆነ ቤትዎ ሆነው ሊያዩት ይችላሉ። አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ከታች በምስማር ይብሱና ውሃ ሞልተው ክዳኑን ሳይገጥሙ ይያዙት፤ ውሃው በቀዳዳው ቀጭን ሆኖ ይፈስሳል። አሁን ከፎቅ ላይ ይልቀቁት፤ ጠርሙሱ አየር ላይ እያለ ውሃው መፍሰሱን ያቆማል። ጠርሙሱና ውሃው እኩል ስለሚወድቁ አንዱ በሌላው ላይ አይጫንም። ወንበር ላይ የታሰረ ሰው ሆድ ዕቃም ልክ እንደዚያ ውሃ ነው። ዘወትር ወደ ታች ተጭኖና ተንጠልጥሎ የለመደው ጨጓራና አንጀት በድንገት ጫናው ሲነሳለት፣ በውስጠኛው ጆሮ ያለው የሚዛን አካልም «መሬት ከሥርህ የለችም» የሚል ወሬ ወደ አንጎል ሲልክ፣ ያ ስሜት ይፈጠራል። ዥዋዥዌ ላይ ገመዱ ከፍ ብሎ ሊመለስ ሲል ለቅጽበት የሚሰማን የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ፤ ሙግተኞች ሁሉ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። 119 ሜትር ማማ ማለት 119 ሜትር መውደቅ ማለት አይደለም፤ የታችኛው ክፍል ለፍሬን የተተወ ነው። የአየሩን ግጭት ትተን ብናሰላ፣ በሰዓት 135 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 72 ሜትር ያህል መውደቅ ይበቃል፤ ይህም 3.8 ሰከንድ ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኒው ጀርሲ ውስጥ የተከፈተው «ዙማንጃሮ» ደግሞ ቁመቱ 126 ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር ነበር። በዚያው ስሌት 83 ሜትር፣ 4.1 ሰከንድ ይሆናል። እንግዲህ በዓለም አንደኛ ለመባል የተደረገው ያ ሁሉ ግንባታ ለተሳፋሪው የጨመረለት የሰከንድ ሦስት አሥረኛ፣ ማለትም አንድ የዓይን ጥቅሻ ነው። (ዙማንጃሮ ተዘግቶ፣ አብሮት ከቆመው ከሮለር ኮስተሩ (በሐዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ከሚከንፈው መጫወቻ) ጋር እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ በፈንጂ ፈርሷል፤ ስለዚህ ወንድምዎ «እሱንም እሞክራለሁ» ብሎ ከሆነ ዘግይቷል።) ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የሚወድቅ ነገር በሄደ ቁጥር ስለሚፈጥን፣ የመውደቂያውን ጊዜ እጥፍ ለማድረግ የሚወድቅበትን ርቀት አራት እጥፍ ማድረግ ግድ ይላል።

ከፍታው ይህን ያህል ትንሽ የሚጨምር ከሆነ ልዩነቱን የሚያመጣው ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ሁለት ነገር ነው፤ ከመለቀቁ በፊት ያለው ጥበቃና ዓይን የሚያየው ነገር። ፍሎሪዳ፣ ታምፓ ከተማ «ፋልከንስ ፊዩሪ» የሚባል እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተ 102 ሜትር ማማ አለ። ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 97 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ በስሌቱ ከ37 ሜትር በላይ በነጻ አይወድቅም፤ ከጃያንት ድሮፕ ግማሹ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ጫፍ ላይ ሲደርስ ወንበሮቹ ወደፊት ዘንበል ብለው ተሳፋሪውን በደረቱ ያስተኙታል፤ ሰውዬው ከአድማስ ይልቅ ቀጥታ የሚወድቅበትን መሬት እያየ ይጠብቃል። እዚያው ፍሎሪዳ የዲዝኒ «ታወር ኦቭ ቴረር» ደግሞ ዓይንን በመከልከል ነው የሚያስፈራው። እ.ኤ.አ. በ1994 የተከፈተው ይህ ሕንፃ ቁመቱ 60 ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ሰዎች ጨለማ ውስጥ ባለ ሊፍት ተቀምጠው መቼና ስንት ጊዜ እንደሚወርዱ ሳያውቁ ይጠብቃሉ፤ ሊፍቱንም ሞተር ወደ ታች ስለሚስበው ከተለቀቀ ድንጋይ ይልቅ ፈጥኖ ይወርዳል፣ ሰውም ከወንበሩ ተነስቶ ቀበቶው ላይ ይቀራል።

እኔ የተሳፈርኩት ለሥልጠና በሄድኩበት አገር፣ በአንድ ተጓዥ የመዝናኛ ሠፈር ውስጥ በተተከለ፣ ከ20 ሜትር በማይበልጥ ማማ ላይ ነው። ከእነዚህ ከዘረዘርኳቸው አጠገብ ሲቆም የልጆች መጫወቻ ነው። ጫፍ ላይ ስንቆም የሰንሰለቱ ድምፅ ጸጥ አለ። ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ የላስቲክ ነጠላ ጫማውን ከተረከዙ አውልቆ በአውራ ጣቱ አንጠልጥሎት ነበር። እጄ ብረቱን ጨብጦ ላብ አጠመቀው፤ ቁልቁል የማየው ጫማውን ብቻ ነበር። ስንለቀቅ ጫማው ከጣቱ ተላቀቀ፤ ወደ ታች ግን አልቀደመንም፤ ከልጁ እግር አንድ ስንዝር ርቆ፣ አየር ላይ የተሰቀለ ይመስል አብሮን ወረደ። ፍሬኑ ሲይዘን ብቻ ጥሎን ሄደ። ከአንድ ሰከንድ ብዙም ያልዘለለው መውደቅ ያን ያህል አላስጨነቀኝም፤ ያ ጸጥታ ግን እስከ ዛሬ ይታወሰኛል።

ስለዚህ ፍርዴ ለእህትዎ ነው። ወንድምዎ በሰውነቱ የተሸከመው ኃይል እንደሚበልጥ አልክድም፤ ከዚህም ሌላ ቢግ ሾት የቆመው ከመሬት 280 ሜትር ከፍ ብሎ ስለሆነ የሚያየው ነገር ተራ አይደለም። ሆኖም የሚተኮስ ሰው ለመፍራት ጊዜ አያገኝም፤ የሚጎተት ሰው ግን እያንዳንዱን ሜትር እየቆጠረ ይወጣል። የእርስዎን ሐረጎ በተመለከተ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወርዱ የሚቀንሱት ከፍታ ከ600 ሜትር በላይ ስለሆነ ከየትኛውም ማማ ይበልጣል፤ ነገር ግን በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ የተዘረጋ በመሆኑ ጆሮ ይደፍናል እንጂ ሆድ አይቆርጥም። እዚያ ላይ የሚያስፈራው ሚኒባሱ በየጠመዝማዛው ወደ ጎን የሚገፋን ኃይል ነው፤ የሾፌሩን ጠባይ ሳንጨምር።

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የምኖር እናት ነኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ዱባይ ያለችው አክስቱ ዘንድ ለዕረፍት ሊሄድ ነው፤ እሷም እንዲህ ያለ ማማ ላይ አሳፍረዋለሁ ብላ ቃል ገብታለታለች። እኔ የምፈራው አንድ ነገር ነው፤ ልጄ ማማው ጫፍ ላይ እያለ መብራት ቢጠፋስ?

መልስ፦ ጥያቄዎ ደሴ የኖረ ሰው ጥያቄ ነው፤ የማማዎቹ ሠሪዎችም አስቀድመው ያሰቡበት ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ ትልልቅ የመውደቂያ ማማዎች የሚቆሙት በማግኔት ፍሬን ሲሆን፣ ይህ ፍሬን ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ከተበላሸ የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ የወጣ ጠንካራ ማግኔት ካገኙ፣ የመስኮት ሠራተኞች ቆርጠው የጣሉትን ወፍራም አሉሚኒየም ዘንበል አድርገው ያንሸራቱበት። አሉሚኒየም ማግኔት እንደማይስብ የታወቀ ነው፤ ሆኖም ማግኔቱ ማር ላይ እንደሚሄድ ነገር እየተጎተተ ይወርዳል። የሚንቀሳቀስ ማግኔት በብረቱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይቀሰቅሳል፤ ሞገዱም መልሶ እንቅስቃሴውን ይቃወማል። ማማው ላይም እንዲሁ ነው፤ በታችኛው ክፍል ንጣፍ መዳብ ወይም አሉሚኒየምና ማግኔት ተያይተው ሲተላለፉ፣ ወንበሩ በፈጠነ መጠን ፍሬኑ ይጠነክራል። መብራት ቢጠፋ ማግኔቱ ማግኔትነቱን አይተውም። በመውጣት ላይ ሳሉ ከጠፋ ወንበሮቹ ባሉበት ይቆማሉ፤ ሠራተኞችም በዝግታ ያወርዷቸዋል፤ አሰልቺ ይሆናል እንጂ ለክፉ አይሰጥም።

ይልቅ ፍርሃትዎን ወደ ወንበሩ ያዙሩት። እ.ኤ.አ. በ2022 ኦርላንዶ ውስጥ 131 ሜትር በሚረዝም ማማ ላይ አንድ ታዳጊ ከወንበሩ ሾልኮ ወድቆ ሕይወቱ አልፏል። ማማውም ፍሬኑም አልተበላሹም ነበር። ምርመራው ያሳየው የዚያ ወንበር የትከሻ ማሰሪያ መቆጣጠሪያ በእጅ ተስተካክሎ እንደነበረ ነው፤ ስለዚህ ማሰሪያው ከሚገባው በላይ ተከፍቶ ሳለ መሣሪያው «ተዘግቷል» ብሎ አስነሳው። ልጁም ለወንበሩ ከተፈቀደው ክብደት በላይ ነበር፤ ወንበሩም ተጨማሪ ቀበቶ አልነበረውም። ማማው በተከታዩ ዓመት ፈረሰ። ኬንታኪ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 የመጎተቻ ገመድ ተበጥሶ የአንዲት ልጅ እግሮች ተቆርጠዋል።

ስለዚህ ለአክስቱ የሚነግሯት ይህን ነው። የልጁ ቁመት መግቢያው ላይ ከተጻፈው ልክ በታች ከሆነ፣ በአንድ ጣት እንኳ ቢሆን፣ ጠባቂውን አትለማመጥ። ማሰሪያው ወርዶ ደረቱንና ጭኑን በደንብ ይያዘው፤ በእጇ ወደ ላይ ስትገፋው የማይንቀሳቀስ ይሁን፤ ከእግሩ መሐል ወጥቶ ከማሰሪያው ጋር የሚቆለፍ ቀበቶ ካለ መቆለፉን ትይ። ስልክና መነጽር ከታች ይቅር። ጭንቅላቱን ወንበሩ ላይ አስደግፎ ይቀመጥ፤ ፍሬኑ ሲይዝ ጎንበስ ያለ አንገት ይጎዳል። ልጁ ጫፍ ላይ ደርሶ ቢያለቅስ መመለሻ ስለሌለው፣ መሬት ላይ ሳለ «አልፈልግም» ካለ ያንን ቃሉን ትስማው።

ጥያቄ፦ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ከሰኞ ገበያ። ማማው ጦሳ ተራራ ላይ ቢተከል መውደቁ ይበረታ ነበር?

መልስ፦ እህታችን፣ መውደቁ አይበረታም። ከፍ ባልን መጠን የመሬት ስበት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ በደሴ ከፍታ ግን ቅናሹ የአንድ በመቶ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ወንበሩን በጥቂቱ ያነሰ ይቃወመዋል፤ ሆድሽ ግን ሁለቱንም አይለያቸውም። የሚለወጠው ዓይንሽ የሚያየው ነው። 30 ሜትር ማማ እዚያ ላይ ቢቆም ከእግርሽ ሥር የሚታይሽ ሠላሳ ሜትር ሳይሆን ከተማዋ በሙሉ ናት፤ የላስ ቬጋሱም ግንብ ብልሃቱ ይኸው ነው። በክረምት ደግሞ ጉሙ ሲወርድ ጭራሽ ምንም ስለማይታይ፣ እንደ ዲዝኒው ጨለማ መቼ እንደምትለቀቂ ሳታውቂ የምትጠብቂበት ማማ ይሆን ነበር። እንዲህ ያለ ማማ ግን መብረቅና ኃይለኛ ንፋስ ሲመጣ ስለሚዘጋ፣ ያን ጉም ከላይ ሆኖ ለመፍራት ዕድል የሚያገኘው ጥቂት ሰው ነው።