«የአገሬን ጥንታዊነት ለማስመስከር አርኪዮሎጂ ልማር?»፦ ለአንዲት የታሪክ ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ተማሪ፣

በዚህ ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪሽን በታሪክ ትምህርት እንደምታጠናቅቂና ሁለተኛ ዲግሪሽን በአርኪዮሎጂ ለመቀጠል እንዳሰብሽ በደብዳቤሽ ገልጸሽልኛል። ለዚህ ያነሳሳሽን ምክንያት «የአገሬን ጥንታዊነት በማስረጃ ለዓለም ማስመስከር እፈልጋለሁ» ስትዪ ጽፈሻል፤ አባትሽ ግን «ድንጋይ ቆፍሮ ማን እንጀራ በላ?» እያሉ ይሞግቱሻል። የአባትሽ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ እመለስበታለሁ። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የአንቺ ምክንያት ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

አርኪዮሎጂ አንድ ሕዝብ ስለ ራሱ ያለውን አመለካከት ለመቅረጽ ትልቅ ጉልበት እንዳለው እኔም እስማማለሁ። እ.ኤ.አ. በ1974 በሐዳር የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ ከሙዚየም አልፋ በዕለት ተዕለት ንግግራችን ውስጥ ገብታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2016 አገሪቱ «ምድረ ቀደምት» የሚለውን የቱሪዝም መለያ ስትመርጥም ከተመካችባቸው ነገሮች አንዱ ከአፋርና ከኦሞ የወጡ ግኝቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1937 በፋሺስት ጣሊያን ወደ ሮም የተወሰደው የአክሱም ሐውልት በ2005 በሦስት ክፍል በአውሮፕላን ተጭኖ ሲመለስና በ2008 ዳግም ሲቆም የነበረውን የሕዝብ ስሜት ቤተሰቦችሽ ሊነግሩሽ ይችላሉ። ይህ ጉልበት ስላለ ነው ሙያው በጥንቃቄ መያዝ ያለበት።

በደቡባዊ አፍሪካ ያለችውን የጥንት ከተማ ፍርስራሽ፣ የታላቋን ዚምባብዌን ታሪክ እንድታጠኚ አጥብቄ እመክርሻለሁ። ያንን ግዙፍ የድንጋይ ሕንጻ የአካባቢው አፍሪካውያን እንደሠሩት አርኪዮሎጂስቶቹ ዴቪድ ራንዳል ማክአይቨር እ.ኤ.አ. በ1905፣ ገርትሩድ ኬተን ቶምሰን ደግሞ በ1929 ባደረጉት ቁፋሮ ደምድመዋል። ሰፋሪዎቹ ነጮች ግን ሕንጻውን ለፊንቄያውያን፣ አልፎ ተርፎም ለንግሥተ ሳባ መስጠቱን መረጡ፤ አፍሪካዊ ሥልጣኔ ነበረ ብሎ ማመን የመሬት ባለቤትነት ጥያቄ ያስነሳባቸው ነበርና። አገሪቱ ሮዴዥያ ተብላ በነጮች አናሳ መንግሥት መሪ በኢያን ስሚዝ በምትገዛበት ዘመን የቅርሶች ተቆጣጣሪ የነበረው ፒተር ጋርሌክ እውነቱን ሸፋፍኖ እንዲናገር ከመንግሥት በደረሰበት ጫና ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1970 አገሪቱን ለቅቆ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1980 ነጻነት ሲመጣ ግን አገሪቱ ስሟን ከዚያ ፍርስራሽ ወሰደች፤ ከዚያው የተገኘውን የድንጋይ ወፍ ቅርጽም በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ አኖረች። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ የማክአይቨርና የቶምሰን ዘገባ በመደርደሪያ ላይ ባይኖር ኖሮ የአገሪቱ ኩራት የሚቆምበት መሠረት ምን ይሆን ነበር? እነርሱ የመጡት ማንንም ለማኩራት አልነበረም፤ የግድግዳውን ዘመን ለማወቅ ነበር።

ንግሥተ ሳባን ካነሳን፣ በአክሱም ያለውን የዱንጉር ፍርስራሽ ጎብኝተሽ ይሆናል። በሕዝቡ ዘንድ የሚታወቀው «የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት» ተብሎ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ፍራንሲስ አንፍሬ የመሩት ቁፋሮ ግን ሕንጻው ከክርስቶስ ልደት በኋላ የተሠራ፣ ማለትም ንግሥቲቱ ኖራለች ከሚባልበት ዘመን ከሺህ ዓመት በላይ የሚዘገይ መሆኑን አሳይቷል። ነገ የአንቺ ስም በእንዲህ ያለ ዘገባ ላይ ሲሰፍር፣ የከተማው አስጎብኚዎችና ምናልባትም የገዛ ዘመዶችሽ ቅር እያላቸው፣ የመሬቱ ንጣፍ (በየዘመኑ የተደራረበው የአፈር ንብርብር) የሰጠሽን ዘመን ሳትቀንሺ ትጽፊዋለሽ? መልስሽ «አዎ» ከሆነ ይህ ሙያ ያንቺ ነው። ካመነታሽ ግን በጋዜጠኝነት ወይም በቱሪዝም ማስታወቂያ ሥራ አገርሽን በሚገባ ልታገለግዪ ትችያለሽ፤ ይህን ስል እነዚያን ሙያዎች ማሳነሴ አይደለም።

ለማስመስከር የሚቆፍር ሰው ሳያውቀው ማስረጃ ይመርጣል። በትግራይ ያለውን የየሐን ቤተ መቅደስ ተመልከቺ፤ ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 7ኛው መቶ ዘመን ግድም ነው። ጣሊያናዊውን ኮንቲ ሮሲኒን የመሰሉ የቀድሞ ምሁራን የሰሜን ኢትዮጵያ ሥልጣኔ ቀይ ባሕርን ተሻግረው በመጡ ሰዎች የተመሠረተ ነው ይሉ ነበር፤ ኋለኞቹ ተመራማሪዎች ደግሞ የአገሬውን ሕዝብ የቀደመ ባህልና ድርሻ ከፍ አድርገው አሳይተዋል፤ ይሁን እንጂ በቤተ መቅደሱ አሠራርና በጽሑፎቹ ላይ የሚታየው የደቡብ ዓረቢያ አሻራ በምኞት አይጠፋም። ሁለቱንም አብሮ ይዞ ማሰብ የሙያው የዕለት ሥራ ነው።

ሌላው ስጋቴ «የአገሬ ጥንታዊነት» ስትዪ በሐሳብሽ ያለው አክሱም ብቻ እንዳይሆን ነው። በድሬዳዋ አቅራቢያ በሐርላ በአርኪዮሎጂስቱ በቲሞቲ ኢንሶል የሚመራ ቡድን የ12ኛው መቶ ዘመን መስጊድ፣ የመስታወት ጨሌ፣ ዛጎልና ከቻይና የመጣ ሸክላ አግኝቷል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ከሚገኙት ውስጥ የጢያ ትክል ድንጋዮች እ.ኤ.አ. በ1980፣ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ የተገኘባቸው መልካ ቁንጡሬና ባልጪት ደግሞ በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። እንደ እኔ ግምት ለጀማሪ ተመራማሪ ሰፊ ቦታ ያለው በምሥራቅና በደቡብ ነው፤ በእነዚህ አካባቢዎች ገና ያልተነካው ብዙ ነውና።

የታሪክ ዲግሪ እንቅፋት አይሆንብሽም። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ የጀመሩት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ ትምህርት ነው፤ ኋላ በአፋር ወራንሶ ሚሌ የመሩት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 ያገኘውና 3.8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የራስ ቅል፣ የድንቅነሽ ዝርያና ከእርሷ በፊት የነበረው ዝርያ ለተወሰነ ዘመን ጎን ለጎን ሳይኖሩ እንዳልቀሩ በማመልከት ቀጥ ያለ ይመስል የነበረውን የትውልድ ሐረግ አወሳስቦታል። ፍላጎትሽ እንዲህ ያለው ቅሪተ አካል ከሆነ ጂኦሎጂና የአጥንት ጥናት ይጠብቅሻል፤ የመካከለኛው ዘመን ከሆነ ግዕዝና ዓረብኛ፤ በየትኛውም መንገድ ብትሄጂ ካርታ ማንሳትና የጂአይኤስ (የመልክዓ ምድር መረጃን በካርታ ላይ የሚያደራጅ) ሶፍትዌር መጠቀም ግዴታ ነው።

አሁን ወደ አባትሽ ጥያቄ። ቀጣሪዎቹ ጥቂት ናቸው፦ የቅርስ ባለሥልጣን፣ የክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች፣ ሙዚየሞችና ዩኒቨርሲቲዎች። ደመወዙ ሀብታም አያደርግም፤ ይህን ደብቄ ላደፋፍርሽ አልፈልግም። ሆኖም መንገድ፣ ግድብና የኢንዱስትሪ ፓርክ ከመሠራቱ በፊት በቦታው ያለውን ቅርስ ማጥናት የባለሙያ እጅ ይፈልጋል፤ በዚህ ሥራ ላይ አፈር ማንበብና ንጹሕ ዘገባ በወቅቱ ማስረከብ የሚችል ሰው ተፈላጊ ነው። ከውጭ የሚመጡ የምርምር ቡድኖችም ከአገር ውስጥ ባለሙያዎች ጋር ስለሚሠሩ፣ በአንድ የመስክ ወቅት በትጋት የታየች ወጣት በሚቀጥለው ዓመት ተፈልጋ ትጠራለች፤ የውጭ አገር የትምህርት ዕድልም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በዚህ ትውውቅ ነው።

ስለዚህ ከማመልከትሽ በፊት በትምህርት ክፍልሽ በኩል ጠይቀሽ በአንድ ቁፋሮ ላይ በረዳትነት ተሳተፊ። የተቆፈረ ንጣፍ ዳግም አይቆፈርምና አብዛኛውን ቀን የምታሳልፊው በመለካት፣ በመሳል፣ የሸክላ ስባሪ በማጠብና ቁጥር በመጻፍ ነው፤ ይህ ከሰለቸሽ ሁለት ዓመት ሳታባክኚ ቀድመሽ ታውቂዋለሽ። ከዚያ የማመልከቻ ጽሑፍሽን እንደገና ጻፊ። «ማስመስከር» የሚለውን አውጪና በምትኩ አንድ ቦታ፣ አንድ ዘመንና አንድ የማስረጃ ዓይነት የያዘ ጥያቄ አስገቢ፤ ለምሳሌ «በ12ኛው መቶ ዘመን የሐርላ ነዋሪዎች ከባሕር ማዶ ካመጡት ዕቃ ውስጥ የትኛውን ራሳቸው ይሠሩት ጀመር?» እንደሚል ያለ። ረቂቁን ከላክሽልኝ አንብቤ አስተያየቴን እጽፍልሻለሁ።